በክፍያ የተሸጠ ሞባይል ሆም፦ ገዢው መክፈል ሲያቆም ሻጩ ምን መብት አለው?

አሜሪካ ከሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች መካከል ከወለድ ብድር ለመራቅ ሲሉ ቤትን እርስ በርስ በክፍያ የሚሸጡና የሚገዙ አሉ። ከመደበኛ ቤት ይልቅ ዋጋው ቀለል የሚለው ሞባይል ሆም ለዚህ ዓይነቱ ውል የተመቸ ነው። ሻጩ የተወሰነ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል፣ ቀሪውን በየወሩ ይወስዳል፤ ገዢውም ባንክ ደጅ ሳይጠና ቤት ይገባል። ነገሩ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ወርሃዊው ክፍያ የቀረ ዕለት ነው።

ያን ጊዜ ሻጩ ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሮው የሚመጣለት አንድ ነገር ነው፦ «ቤቱ የኔ ነው፤ ታይትሉም በእጄ ነው፤ ሄጄ ቁልፉን እቀይራለሁ።» በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ይህ አስተሳሰብ በአሜሪካ ሕግም በሸሪዓም በኩል ስህተት መሆኑን ነው። ሻጩ እውነተኛ መብት አለው። ነገር ግን መብቱ የሚሠራው በመንገዱ ሲሄድ ነው፤ መንገዱን የሳተ ሻጭ ከሳሽ መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ ሰው ሞባይል ሆሙን በ30,000 ዶላር ሸጠ እንበል። ወለድ የለውም። 8,000 ዶላር ቅድሚያ ተቀበለ፤ ቀሪው 22,000 ዶላር በየወሩ 550 ዶላር ሆኖ በ40 ወር ይከፈላል ተባለ። ገዢው ለ20 ወራት 11,000 ዶላር ከከፈለ በኋላ አቆመ። እስካሁን በጠቅላላው 19,000 ዶላር ከፍሏል፤ የቀረበት 11,000 ዶላር ነው። ይህን ሂሳብ ያዙት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሞባይል ሆም በሕግ ፊት ምንድን ነው?

ሞባይል ሆም በፋብሪካ ተሠርቶ በጎማ ተጎትቶ የሚመጣ መኖሪያ ነው። ከሰኔ 15 ቀን 1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠሩት የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት ሚኒስቴር (ሃድ) ያወጣውን የግንባታ ደረጃ ያሟሉ መሆን አለባቸው፤ በሕጉ አጠራርም «ማኑፋክቸርድ ሆም» ይባላሉ። በእያንዳንዱ የቤቱ ክፍል ውጫዊ ግድግዳ ላይ የምትለጠፈው ቀይ የብረት ሰሌዳ የዚህ ምልክት ናት። ቤት ሲገዛም ሲሸጥም የሰሌዳዋንና የቤቱን መለያ ቁጥር በውሉ ውስጥ መጻፍ ተገቢ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ ቤቱ በኪራይ መሬት፣ ማለትም በሞባይል ሆም ፓርክ ውስጥ የቆመ ከሆነ፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች እንደ መሬትና ሕንፃ ሳይሆን እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይቆጠራል። እንደ መኪና ታይትል ይወጣለታል። ታይትሉን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በቨርጂኒያ ዲኤምቪ ነው፣ በካሊፎርኒያና በቴክሳስ ደግሞ የየግዛቱ የቤቶች መምሪያ ነው።

ቤቱ የባለቤቱ በሆነ መሬት ላይ በቋሚ መሠረት ተተክሎ፣ ታይትሉ ተመልሶ ከመሬቱ ጋር የተመዘገበ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ቤቱ እንደማንኛውም ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት ስለሆነ፣ ሻጩ የሚከተለው የሞርጌጅ ሕግንና የፎርክሎዠርን ሥርዓት ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው በመጀመሪያው ዓይነት፣ ማለትም በተንቀሳቃሽነት በሚቆጠረው ቤት ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ይህ ቤት በየትኛው መዝገብ ላይ ነው የሚገኘው?» የሚለው ነው።

«ታይትሉ በኔ ስም ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

አንዳንድ ሻጮች ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ ታይትሉን በራሳቸው ስም ያቆያሉ። በዚህም ቤቱ አሁንም የራሳቸው የሆነ ይመስላቸዋል። የአሜሪካ ግዛቶች የተቀበሉት የንግድ ሕግ፣ በአጭሩ ዩሲሲ የሚባለው፣ እንዲህ አይልም። ዕቃው ለገዢው ከተረከበ በኋላ ሻጩ «ባለቤትነቱን አቆይቻለሁ» ቢል፣ ሕጉ ይህን የሚያየው እንደ መያዣ መብት ብቻ ነው። ማለትም ቤቱ የገዢው ነው፤ ሻጩ ደግሞ ያልተከፈለው ገንዘብ እስኪከፈለው ድረስ ቤቱን በመያዣነት የያዘ ባለዕዳ ጠያቂ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ሸሪዓም የሚለው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1990 (እ.ኤ.አ.) በጅዳ ባደረገው ጉባኤ በክፍያ ስለሚደረግ ሽያጭ ውሳኔ አሳልፏል። የውሳኔው ፍሬ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ በዱቤ የሚሸጥ ዕቃ ከእጅ በእጅ ዋጋው ከፍ ብሎ ሊሸጥ ይችላል፣ ዋጋው በውሉ ጊዜ ተቆርጦ እስከታወቀ ድረስ። ገዢው ስለዘገየ ግን በዕዳው ላይ ጭማሪ መጠየቅ ሪባ ስለሆነ ሐራም ነው። ሻጩ ከሽያጭ በኋላ የዕቃውን ባለቤትነት ማቆየት አይችልም፤ ነገር ግን ዕቃው ለቀሪው ክፍያ መያዣ (ረህን) እንዲሆንለት በውሉ ላይ ማስቀመጥ ይፈቀድለታል። ገዢው ከተስማማም፣ የተወሰኑ ክፍያዎችን ሲያዘገይ ቀሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስ መዋዋል ይቻላል።

ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር ታይትሉን በገዢው ስም ማዞርና የሻጩን መብት በታይትሉ ላይ በሊየንነት ማስመዝገብ ነው። ሊየን ማለት «ይህ ቤት የእገሌ ዕዳ አለበት» የሚል ማኅተም ነው። ሊየኑ ካልተመዘገበ ገዢው ቤቱን ለሌላ ሰው ቢሸጠው፣ ወይም ሌላ ባለዕዳ ጠያቂ ቢመጣበት፣ ወይም ገዢው ባንክረፕሲ ቢያውጅ፣ ሻጩ ተራውን ሊያጣ ይችላል።

ውሉ «ኪራይ» ተብሎ «ሲያልቅ የአንተ ይሆናል» የሚል ዓይነት ከሆነም ስያሜው ብቻ አያድንም። ዳኞች የሚያዩት የወረቀቱን ርዕስ ሳይሆን የውሉን ፍሬ ነገር ነው። አንዳንድ ግዛቶችም ለእንዲህ ዓይነቱ ውል የተለየ ሕግ አላቸው።

በውሉ ላይ ምን መኖር አለበት?

በአገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። አላህም በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት አዟል። «ወንድሜ ነው፣ እንተማመናለን» የሚለው ቃል ከመጻፍ የሚያግድ አይደለም፤ ወንድማማችነትን የሚጠብቀው ራሱ ጽሑፉ ነው። ቢያንስ የሚከተሉት መጻፍ አለባቸው፦

- የቤቱ ሙሉ ዋጋ፣ ቅድሚያ ክፍያው፣ የወርሃዊው ክፍያ መጠንና ቀን፣ መጨረሻው የሚያልቅበት ወር፤
- የቤቱ መለያ ቁጥር፣ የተሠራበት ዓመትና የሚገኝበት አድራሻ፤
- ቤቱ ለቀሪው ክፍያ መያዣ መሆኑን የሚገልጽና ገዢው የፈረመበት አንቀጽ፤ ይህ ከሌለ የመያዣ መብት የለም፤
- «ክፍያ አቋርጧል» የሚባለው መቼ እንደሆነና ማስጠንቀቂያ በምን መንገድ እንደሚሰጥ፤
- የፓርኩን የቦታ ኪራይ፣ ኢንሹራንሱንና የንብረት ግብሩን ማን እንደሚከፍል።

ሻጩ ወለድ ባይወስድም የፌዴራሉ ሕግ ሙሉ በሙሉ አይተወውም። ለመኖሪያ የሚሆን ቤት በክፍያ የሚሸጥ ሰው ፈቃድ ያለው አበዳሪ ሳይሆን በዓመት ስንት ቤት እንዲህ መሸጥ እንደሚችልና በምን ቅድመ ሁኔታ እንደሆነ የሚወስን ሕግ አለ። የራሱን አንድ ቤት የሚሸጥ ግለሰብ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀድለታል፤ ቤት እየገዛ በክፍያ መሸጥን ሥራው ያደረገ ሰው ግን አስቀድሞ ጠበቃ ማማከር አለበት። ፓርኩም በበኩሉ አዲሱን ነዋሪ እንዲያጸድቅ ይጠይቃል፤ ይህን ሳያደርጉ የተዋዋሉ ሁለቱም ወገኖች ይቸገራሉ።

ክፍያ ሲቋረጥ የመጀመሪያው እርምጃ

የመጀመሪያው እርምጃ ፍርድ ቤት አይደለም፤ መነጋገር ነው። ገዢው ለምን አቆመ? ሥራ ተቋርጦበት ነው? ታሞ ነው? ወይስ ገንዘቡ እያለው ነው የሚያዘገየው? ይህ ጥያቄ በዲናችን ሁለት የተለያዩ መልሶች አሉት። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 280 መሠረት የተቸገረ ባለዕዳ እስኪሻለው ድረስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ዕዳውን መማር ደግሞ ከዚያ የበለጠ መልካም ነው። እያለው የሚያዘገይ ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ድርጊቱን በደል ብለውታል፤ እርሱ ላይ መብትን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ችግሩ እውነተኛ ከሆነ ክፍያውን ለጥቂት ወራት ማቆም፣ ወይም ወርሃዊውን ቀንሶ ዘመኑን ማራዘም ይቻላል። በምሳሌያችን ያለው ገዢ በወር 550 ዶላር ቢከብደው፣ የቀረው 11,000 ዶላር በ275 ዶላር በ40 ወር ያልቃል። ይህን ያህል ማግባባት ሻጩን ከጠበቃ ወጪና ባዶ ቤት ከመጠበቅ ያድነዋል። ነገር ግን አዲሱ ስምምነት ተጽፎ በሁለቱም መፈረም አለበት።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ እንጨምር። ሻጩ ለወራት ዘግይቶ የመጣን ክፍያ ዝም ብሎ ሲቀበል ከኖረ፣ ፍርድ ቤቱ «መዘግየቱን ፈቅደሃል» ሊለው ይችላል። ስለዚህ ከእንግዲህ ክፍያው በቀኑ እንደሚጠበቅ የሚገልጽ ደብዳቤ አስቀድሞ መላክ ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያው

ንግግሩ ካልሠራ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላካል። ማስጠንቀቂያው ስንት ክፍያ እንደቀረ፣ በጠቅላላው ስንት ዶላር እንደሆነ፣ እስከ መቼ ቢከፈል ውሉ እንደሚቀጥልና የት እንደሚከፈል ይገልጻል። በርካታ ግዛቶች ለሞባይል ሆም ባለቤት ያቋረጠውን ክፍያ የሚያስተካክልበት ጊዜ በሕግ ይሰጣሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኔሶታ፣ ለምሳሌ፣ ሻጩ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ለገዢው 30 ቀን የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ መላክ አለበት። ገዢው በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀረውን ከከፈለ ነገሩ ያበቃል። የጊዜው ርዝመትና የማስጠንቀቂያው ይዘት ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ የራስን ግዛት ሕግ ማየት ግድ ነው።

ደብዳቤው በሰርቲፋይድ ሜይል ቢላክና ቅጂው ቢቀመጥ ይመረጣል። በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት የሕግ ማስጠንቀቂያን አይተካም።

ሻጩ ማድረግ የማይችለው

ዩሲሲ ክፍያ ሲቋረጥ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት መውሰድን በመርህ ደረጃ ይፈቅዳል። ግን አንድ ሁኔታ አለው፦ ሰላም ሳይደፈርስ መሆን አለበት። በመንገድ ዳር የቆመ መኪና በዚህ መንገድ ይወሰድ ይሆናል። ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት ሰላም ሳያደፈርሱ መውሰድ ግን በተግባር የማይታሰብ ነው። አንዳንድ ግዛቶችም ሰው የሚኖርበትን ሞባይል ሆም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መውሰድን ጨርሶ ይከለክላሉ። ስለዚህ ሻጩ የሚከተሉትን ማድረግ የለበትም፦

- ሰው በሚኖርበት ቤት ቁልፍ መቀየር ወይም በር መስበር፤
- መብራት፣ ውኃ ወይም ጋዝ ማስቆረጥ፤
- ገዢው «አትግባ» እያለ መግባት፤
- ማስፈራራት፣ «ፖሊስ እጠራብሃለሁ፣ ኢሚግሬሽን እነግርብሃለሁ» ማለት፤
- የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይኖር ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ይዞ ሄዶ ማስወጣት።

ከእነዚህ አንዱን ያደረገ ሻጭ ለደረሰው ጉዳት ካሳ ይከፍላል፤ አንዳንዱ ድርጊትም በወንጀል ያስጠይቃል። ከዚያ በላይ በሰው ቤት ላይ በኃይል መግባት፣ ሴቶችና ልጆች ባሉበት በር መስበር ለማንም አማኝ የማይገባ ነው።

ገዢው ቤቱን ጥሎ የሄደ ከመሰለስ? መጋረጃው ተዘግቶ መሰንበቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰውየው ለሐጅ ወይም ቤተሰብ ሊጠይቅ አገር ቤት ሄዶ ሊሆን ይችላል። መደወል፣ ደብዳቤ መላክ፣ የፓርኩን አስተዳደር መጠየቅ፣ የመብራት አገልግሎቱ መቋረጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ገዢው ራሱ በፈቃዱ የሚመልስ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ ፈርሞ፣ ቁልፉን በምስክር ፊት ያስረክብ።

ፍርድ ቤት

ሰው የሚኖርበትን ቤት ለመውሰድ አስተማማኙ መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለማስመለስ የሚቀርበው ክስ በብዙ ግዛቶች ሪፕለቪን ይባላል። ሻጩ ውሉን፣ ሊየኑ ያለበትን ታይትል፣ የክፍያ መዝገቡንና የማስጠንቀቂያውን ቅጂ አያይዞ ይከሳል። ክሱ ለገዢው በሕጋዊ መንገድ ይደርሰዋል፤ ቀጠሮ ይያዛል። ዳኛው ለሻጩ ከፈረደ ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ሸሪፍ ነው፤ ሻጩ አይደለም።

የተለመደው ስህተት ነገሩን እንደ ተከራይ ማስለቀቅ ጉዳይ አድርጎ መክሰስ ነው። ገዢው ተከራይ አይደለም፤ ባለቤት ነው። በተሳሳተ መንገድ የቀረበ ክስ ውድቅ ተደርጎ ወራት ይባክናል። ለትናንሽ ክሶች የተቋቋመው ፍርድ ቤትም የገንዘብ ጣሪያ አለው፤ በብዙ ቦታም ቤት እንዲመለስ ማዘዝ አይችልም።

ሁለት ነገሮች ሂደቱን ያቆሙታል። አንደኛው ባንክረፕሲ ነው። ገዢው ባንክረፕሲ ካስገባበት ደቂቃ ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ማንኛውንም የማስከፈል እርምጃ ያግዳል፤ ሻጩ የባንክረፕሲውን ዳኛ ፈቃድ ሳያገኝ መደወል እንኳ የለበትም። ሁለተኛው ወታደርነት ነው። ገዢው በአሜሪካ ጦር ውስጥ በአገልግሎት ላይ ከሆነ፣ ውሉ የተፈረመውና ክፍያ የተጀመረው ወደ አገልግሎት ከመግባቱ በፊት ከሆነ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ንብረቱን መውሰድ አይቻልም። ገዢው ፍርድ ቤት ባይቀርብም፣ ሻጩ ስለ ገዢው ወታደርነት አጣርቶ መሐላ ያለበት ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት።

ፓርኩን አትርሱ

ሻጩና ገዢው ሲነታረኩ የቦታው ኪራይ ይቆጥራል። ፓርኩ ለቦታ ኪራዩ ቤቱ ላይ መብት ሊያነሳ፣ ወይም ቤቱ ከቦታው እንዲነሳ ሊጠይቅ ይችላል። ሞባይል ሆም ስሙ «ተንቀሳቃሽ» ይሁን እንጂ ማንቀሳቀሱ ቀላል አይደለም፤ ፈቃድ፣ ልዩ ተጎታች መኪና፣ መብራትና ውኃ መንቀልና መልሶ መቀጠል ይጠይቃል፤ ወጪው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። አሮጌ ቤቶችን የማይቀበሉ ፓርኮችም አሉ። ስለዚህ ሻጩ ቤቱን ባለበት ቦታ ለመሸጥ ከፓርኩ ጋር ቀድሞ መነጋገሩ፣ ያልተከፈለ የቦታ ኪራይና የንብረት ግብር ካለም ማወቁ ይጠቅመዋል።

ቤቱ ከተመለሰ በኋላ

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት የሚሠራው። ብዙ ሻጮች ቤቱ ከተመለሰላቸው በኋላ የተቀበሉትንም ገንዘብ ቤቱንም ይዘው የሚቀሩ ይመስላቸዋል። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ፤ ገዢው 19,000 ዶላር ከፍሏል። ሻጩ ቤቱን ወስዶ ዝም ቢል የ30,000 ዶላር ቤትና የ19,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ በእጁ ሊቀር ነው። የጎደለበት ግን 11,000 ዶላር ብቻ ነበር።

ዩሲሲ ይህን አይፈቅድም። ቤቱ መያዣ ስለሆነ ዕዳው እንዲከፈልበት ይሸጣል። ሽያጩ በሁሉም ነገሩ፣ በማስታወቂያው፣ በጊዜው፣ በቦታውና በአኳኋኑ፣ ነጋዴ የሚያደርገው ዓይነት ተገቢ ሽያጭ መሆን አለበት። ለዘመድ በርካሽ ማሳለፍ ተገቢ ሽያጭ አይደለም። ከሽያጩ በፊት ለገዢው በቂ ጊዜ የሚሰጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ ይላካል፤ በማስታወቂያውም ቤቱ መቼና እንዴት እንደሚሸጥ፣ ከሽያጩ በኋላ ዕዳ ቢጎድል ሊጠየቅ እንደሚችል፣ ቤቱን መልሶ ለማግኘት የሚከፍለውን መጠን የሚያውቅበት ስልክ ይጻፍበታል። ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ ገዢው ዕዳውን በሙሉና ተገቢ ወጪዎችን ከፍሎ ቤቱን መልሶ የመውሰድ መብት አለው።

ከዚህም ሌላ የ60 በመቶ ደንብ የሚባል አለ። ለግል መኖሪያ በዱቤ የተገዛ ዕቃ ከዋጋው 60 በመቶው ከተከፈለ፣ ሻጩ ከወሰደው በኋላ ለራሱ ማስቀረት አይችልም፤ ገዢው ክፍያ ካቋረጠ በኋላ ሌላ ካልተስማማ በስተቀር በ90 ቀናት ውስጥ መሸጥ አለበት። የምሳሌያችን ገዢ 19,000 ከ30,000 ስለከፈለ ከ63 በመቶ በላይ አልፏል። ደንቡ ይመለከተዋል ማለት ነው።

ቤቱ በ21,000 ዶላር ተሸጠ እንበል። ለማስመለስና ለሽያጭ የወጣው ተገቢ ወጪ 2,000 ዶላር ሆነ። ቀሪው ዕዳ 11,000 ዶላር ነበር። ሁለቱ ተደምረው 13,000 ዶላር ለሻጩ ይሆናሉ። የተረፈው 8,000 ዶላር የሻጩ አይደለም፤ ቤቱ ላይ ሌላ ባለመብት ከሌለ ለገዢው ይመለሳል። በተቃራኒው ቤቱ በ9,000 ዶላር ብቻ ቢሸጥ፣ የጎደለውን 4,000 ዶላር ሻጩ ከገዢው መጠየቅ ይችላል፤ አንዳንድ ግዛቶች ግን ይህን ይገድባሉ። የጠበቃ ክፍያን ከገዢው ለመጠየቅ ደግሞ በውሉ የተጻፈ መሆን አለበት።

ሸሪዓም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ረህን ዕዳን ማስከበሪያ እንጂ መበልጸጊያ አይደለም። ባለዕዳው በቀኑ ባለመክፈሉ ብቻ መያዣው ለአበዳሪው በዚያው ቀልጦ እንደማይቀር ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተዘግቧል። ይሸጣል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ የተረፈው ለባለቤቱ ይመለሳል። ያንን 8,000 ዶላር ያስቀረ ሻጭ ከሪባ ሸሽቶ የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ ወደመብላት ገባ ማለት ነው።

ደንቡን የጣሰ ሻጭ በዚህ ዓለምም ቅጣት አለው። ለግል መኖሪያ በተሸጠ ቤት ላይ ዩሲሲ ቢያንስ በዱቤው ምክንያት የተጨመረውን ዋጋ በሙሉና ከጥሬ ዋጋው 10 በመቶውን እንዲከፍል ያደርገዋል። በምሳሌያችን የዱቤ ጭማሪ ባይኖርም 10 በመቶው ብቻ 3,000 ዶላር ነው፤ የደረሰው ጉዳት ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ እርሱን ይከፍላል።

በቤቱ ውስጥ ያለው የገዢው ዕቃም መያዣ አይደለም። ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ ፓስፖርት፣ የልጆች የትምህርት ወረቀት ሁሉ በዝርዝር ተመዝግቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ገዢው የሚወስድበት ጊዜ ይሰጠዋል። ወደ ቆሻሻ መጣል ሌላ ክስ መጋበዝ ነው።

ለገዢው ወገን

ይህን የምታነቡ ገዢዎች ከሆናችሁም ጥቂት እንበል። መክፈል ያቃተው ሰው ስልኩን መዝጋት የለበትም፤ ዝምታ ተቸጋሪን እያለው ከሚያዘገይ ጋር ያመሳስለዋል። ችግራችሁን ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ፤ በጥሬ ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ። የፍርድ ቤት ወረቀት ከደረሳችሁ በቀጠሮው ቅረቡ፤ ያልቀረበ ሰው መልስ ቢኖረውም ይፈረድበታል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ነፃ የሕግ እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች በየግዛቱ አሉ፤ ፍርድ ቤትም አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።

በመካከል ሽማግሌ ማስገባትም የቆየ ባህላችን ነው። የመስጂድ ኢማም ወይም ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሩት ሰው ቢያግባባ፣ የተስማሙበት ነገር ተጽፎ ቢፈረም፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ከክስ ያድናል። ግን ሽማግሌው የሕጉን የጊዜ ገደቦች ሊያስቆም እንደማይችል መታወቅ አለበት።

በአጭሩ

ሻጩ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ይያዝ፦ ቤቱ ታይትል ያለው ነው ወይስ ከመሬት ጋር የተመዘገበ? ውሉ መያዣ ይላል? ሊየኑ ተመዝግቧል? ገዢው ተቸግሮ ነው ወይስ እያለው? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተልኳል? የግዛቱ ቀን አልቋል? ፍርድ ቤቱ ፈርዷል? ሽያጩ ተገቢ ነው? የተረፈው ገንዘብ ተመልሷል? ከእነዚህ አንዱ ካልተመለሰ ወደሚቀጥለው መሄድ አይገባም፤ ከመጀመሪያው ክስ በፊትም በግዛቱ የሚሠራ ጠበቃ ማማከር ከኋላ ከሚመጣው ወጪ ይቀላል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የዛሬው ገዢና ሻጭ ነገ ጁሙዓ በአንድ ሰፍ የሚቆሙ ወንድማማቾች መሆናቸው አይዘንጋ። መብቱን በለስላሳ የሚጠይቅንም፣ ዕዳውን በመልካም የሚከፍልንም አላህ ይዘንለት፤ ሁላችንንም ከሰው ሐቅ ይጠብቀን። አሚን።